መብራቱን አጥፍተው «ተሠርቷል» ይሏችኋል

ደሜ ሳይበርድ ልጻፈው። ኮፈኑን ሳይከፍት «ካንዴላ ነው፣ ኮይልም ይፈልጋል» የሚለውን ዓይነት ጋራዥ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እዚያ ነው የገባሁት።

መኪናዬ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳልሰጠው ሲሠራ፣ ይንቀጠቀጣል። ማርሹን ዲ ላይ አድርጌ ፍሬን ይዤ ስቆም መሪውም ወንበሩም ይንዘፈዘፋል፤ ነዳጅ ስሰጠው ግን ጸጥ ይላል። ይህንን ለአለቃው አንድ በአንድ ነገርኩት። ኮምፒውተሩ ሲሰካ የወጣው ኮድ ፒ 0302 ነው፤ ሁለተኛው ሲሊንደር (ነዳጁ ከሚቃጠልባቸው ክፍሎች አንዱ) በትክክል አያቃጥልም ማለት ነው። አንዱ ብቻ! ሰውዬው ግን አራቱም ካንዴላ (እሳት የሚጭረው)፣ አራቱም ኮይል (ለካንዴላው ኃይል የሚሰጠው)፣ አራቱም ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ይቀየር አለ። «የሁለተኛውን ኮይል ከሦስተኛው ጋር እናቀያይረው፤ ኮዱ ወደ 0303 ከዞረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፣ ካልዞረ ሌላ እንፈልግ» ስለው ወደ ልጆቹ ዞሮ «ዩቲዩብ ያየ መጣላችሁ» አለ። ተሳሳቁብኝ።

ሁሉም ተቀየረ። የሚያንገበግበኝ ግን የርክክቡ ሰዓት ነው። ስደርስ ኤሲው ጠፍቷል፣ ማርሹ ፓርክ ላይ ነው፣ ቼክ ኢንጂን የሚባለው የዳሽቦርድ መብራት ግን አሁንም በርቷል። አለቃው ዓይኔ እያየ ሞተሩን አጠፋ፣ ስካነሩን ከመሪው ሥር ሰካ፣ ጫን ጫን አደረገና መልሶ አስነሳው። መብራቱ የለም። «ይኸው፣ አዲስ ሞተር!» አለኝ። ኮዱን ደመሰስከው እንዴ ስለው «ስንጨርስ እንዲህ ነው የሚደረገው» አለ። አዎ፣ ኮድ ይደመሰሳል፤ ግን መጀመሪያ መኪናው ተሠርቶ ነዋ! «ሞተሩ ሸክም ሲኖርበት፣ ኤሲ ከፍተን ዲ ላይ እንየው» ስል ቁልፉን ነቅሎ መዳፌ ላይ ጣለና «ወረፋ አለብን፣ ሂሳብ እዚያ ጋ ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። አሮጌዎቹን ዕቃዎች ስጠይቅ ተጥለዋል ተባልኩ። አሥራ ሁለቱም!

ማምሻውን መንገድ ተጨናንቆ ስቆም መንቀጥቀጡ እንደ ድሮው ተመለሰ፤ መብራቱም ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። በዚያ ሁኔታ ብዙ ከተነዳ ያልተቃጠለው ነዳጅ ወደ ጭስ መውጫው እየሄደ ጭሱን የሚያጣራውን ካታሊቲክ ኮንቨርተር ያበላሸዋል። ስመለስ አለቃው ከወንበሩ እንኳ አልተነሳም። ከስልኩ ቀና ሳይል «ያ ሌላ ችግር ነው፤ ሞተሩ ይውረድ» አለ። የሲሊንደሮቹን ግፊት (ኮምፕሬሽን) እንኳ ሳይለካ!

ሌላ መካኒክ ጋ ወሰድኩት። አየር ማስገቢያው ውስጥ ጭስ ነፋበት፤ ጭሱ በሁለተኛው ሲሊንደር በኩል ከአየር ማስገቢያው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሥር ቦለል ብሎ ወጣ። ሞተሩ በዚያ ትርፍ አየር ይስብ ኖሯል። በሚኒሞ የሚገባው አየር ጥቂት ስለሆነ ትንሽ ቀዳዳ የአየርና የነዳጁን ልክ ታዛባለች፤ ዙሩ ሲጨምር ግን ብዙም አትታወቅም። ለዚያ ሰውዬ ገና ከበሩ ስገባ የነገርኩት ምልክት እኮ ይኸው ነው! ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ሞተሩ ረጋ።

ኮዱን ፎቶ አንሱት። አሮጌ ዕቃችሁን ሳትረከቡ አትክፈሉ። ኤሲ ከፍታችሁ ዲ ላይ ሳትሞክሩ ቁልፍ አትቀበሉ።

አሁን የቀረኝ ጥርጣሬ አንድ ነው፤ ገቡ የተባሉት ኢንጀክተሮች እውነት አዲስ ናቸው ወይስ የራሴው ታጥበው ነው? ነገ አስፈትቼ አያቸዋለሁ።