ለቪትዜ ያስገባሁት ስፔሰር፦ ከ8 ወር በኋላ

ድምፁ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይል ነበር። የጀመረው አንድ እሁድ ከቱሉ ዲምቱ ፈጣን መንገድ ገብተን ወደ ቢሾፍቱ ስንወርድ ነው። ፍጥነት ስጨምር ይደበቃል፣ ስቀንስ ይመለሳል። ባለቤቴ «ከኋላ ጠርሙስ ነገር ጭነሃል እንዴ?» አለችኝ። ጠርሙስስ አልጫንኩም።

ከመነሻው ልንገራችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ስለ ሞተሯና ስለ ነዳጇ አላወራም፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝን የማያውቅ የለም። አንድ ነገር ብቻ ቅር ይለኝ ነበር። ጎማዋ ከፓራፋንጎው ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። ከኋላ ስትታይ እግሯን ገጥማ የቆመች ሙሽራ ትመስላለች። ይሄ ነገር ሌሊት እንቅልፍ ይነሳኛል ብል ትስቁብኛላችሁ። ግን ይነሳኝ ነበር።

ሶማሌ ተራ ወረድኩና ባለ 25 ሚሊሜትር የአሉሚኒየም ስፔሰር ገዛሁ። ለአራቱ 9 ሺህ ብር። ለማያውቅ ሰው፣ ስፔሰር በሞዞው (ጎማው በሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) እና በቸርኬው (ጎማው በተገጠመበት ብረት) መሃል የሚገባ ቀለበት ነው፤ ጎማውን ወደ ውጭ ይገፋል። ቀጭኑ ዓይነት ዝም ብሎ ጣልቃ ይገባል። የእኔ ዓይነቱ ወፍራም ግን የራሱ አራት ብሎኖች አሉት። መጀመሪያ እሱ ራሱ በመኪናው ብሎን ላይ በዳዶ ይታሰራል። ከዚያ ጎማው በእሱ ብሎን ላይ ይታሰራል። ይቺን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

የገጠመልኝ ጎሚስታ የመኪናዋ ብሎን ጫፍ ከስፔሰሩ ትንሽ ብቅ ስላለ «በግራይንደር እንቁረጠው» ብሎ ነበር። እጁን ያዝኩት። የቸርኬዬ ጀርባ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሳይቆረጥም ገጠመ። ያን ቀን የሠራሁት ብልህ ሥራ ይሄ ብቻ ነው።

እውነቱን ልናገር? አማረች። በየጎኑ 25 ሚሊሜትር ማለት በድምሩ 5 ሳንቲሜትር ሰፋች ማለት ነው። ቦሌ ላይ በመስታወት ሕንፃ ሥር ሳልፍ አንገቴ በራሱ ይዞራል። የሰፈር ልጆች «ቪትዟ ጂም ገባች እንዴ?» ይሉኛል። ለዚህች ቃል 9 ሺህ ብር አይበዛም ብዬ አሰብኩ።

ክረምቱ ሲገባ ጎማው ከፓራፋንጎው ውጭ ጭቃ እየረጨ በሩን እስከ እጀታው ይለውሰው ጀመር። አጣቢው ልጅ ዋጋ ጨመረብኝ። ጉድጓድ ስገባ ደግሞ መሪው ከእጄ ሊያመልጥ ይታገለኛል። ጎማው ወደ ውጭ በራቀ ቁጥር ጉድጓዱ መሪውን የሚጠመዝዝበት ክንድ ይረዝማላ። ቁንጅና ዋጋ አለው ብዬ ዋጥኩት።

በአምስተኛው ወር በ80 ስነዳ መሪው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ባላንስ አሠራሁ። ከወር በኋላ ተመለሰ። ደግሜ አሠራሁ። ልብ በሉ፣ ሁለት ጊዜ ጎማዎቹ ወርደዋል። ሁለቱንም ጊዜ የስፔሰሩ ዳዶዎች ፊት ለፊታችን ተደርድረው ነበር። ቁልፍ ያሳረፈባቸው ሰው የለም። እኔም እዚያው ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነበር።

ወደዚያ እሁድ ልመለስ። ዳር ይዤ ቆምኩና የጎማ ቁልፍ አወጣሁ። የፊት ግራውን አራት ዳዶዎች አንድ በአንድ ሞከርኳቸው። ዝንፍ አላሉም። እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ ቀስ እያልኩ ቀጠልኩ። ምን ያህል ሞኝ እንደነበርኩ የገባኝ ቢሾፍቱ ስደርስ ነው። ዳር ላይ የሚሠራ አንድ ወጣት ጎሚስታ በክሪክ አንስቶ ጎማውን አወረደው። ከዚያ የስፔሰሩን ዳዶ በሁለት ጣቱ ያዘና አዞረው። በጣቱ! ሁለቱ እንዲህ ነበሩ። ሦስተኛው ጥርሱ ተበልቷል። ክብ የነበረው የስፔሰሩ ቀዳዳ ብሎኑ ሲመታው ከርሞ እንቁላል መስሏል። አራተኛው ነው ሁለታችንን ይዞን የመጣው። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «ጋሼ፣ ስለት ካለብዎት ዛሬ ያስገቡ» አለኝ።

ለካ ዳር ቆሜ የሞከርኩት ጎማውን ከስፔሰሩ ጋር የሚያስረውን ዳዶ ነው። ስፔሰሩን ከመኪናዋ ጋር የሚያስረው ከጎማው ጀርባ ተደብቋል። ጎማው ካልወረደ አይታይም፣ አይነካም።

ለምን ላላ? ሞዞው ላይ የነበረው ዝገት ሳይፈገፈግ ነው የተገጠመው። ዝገቱ በጉዞ ሲደቅ ማሰሪያው ይላላል። ለዚህ ነው ገና በመጀመሪያዎቹ 100 ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ጎማው ወርዶ እንደገና መጥበቅ ያለበት፤ ለቪትዝ በቶርክ ቁልፍ (የጥብቀቱን ልክ በሚለካው ቁልፍ) 103 ኒውተን ሜትር። የእኔ በእጅና በእግር ነበር የተጠበቀው። በዚያ ላይ የሞዞዋ አፍ 54.1 ሚሊሜትር ሆኖ ሳለ የስፔሰሩን የመሃል ቀዳዳ በካሊፐር ብንለካው 60 ሆነ። ሞዞው ላይ ልክክ ብሎ አልተቀመጠም ማለት ነው። አንዴ ሲላላ ምቱ ሁሉ ብሎኖቹ ላይ አረፈ።

ሻጩ አሁን ፊቴ ቢቆም የሚለውን አውቀዋለሁ። «ፖርሽ እንኳ ስፔሰር ከፋብሪካ ያስገባል።» አዎ ያስገባል። ግን ለዚያው መኪና በልክ የተሠራ ቀጭን ቀለበት ነው፣ ረጅም ብሎንም አብሮት አለው። ያንተው ላይ የአምራቹ ስም እንኳ የለም። «ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ ብትገዛስ ኩሽኔታው ላይ ያው ጫና አይደል?» እዚህ ላይ ልክ ነህ፣ ያው ነው። ግን ቸርኬ የተደበቀ ዳዶ የለውም። «ታዲያ ጥፋቱ የጎሚስታው ነው እንጂ የዕቃው አይደለም።» ወንድሜ፣ 9 ሺህ ብር ስትቆጥር አንድ ቃል፣ «ከሳምንት በኋላ አጥብቀው» የምትለዋን ቃል፣ ለምን አልመረቅክልኝም? ጀርመን ያለው የአክስቴ ልጅ እዚያ ስፔሰር ያለ ማረጋገጫ ወረቀት መንገድ ላይ እንደማይወጣ ሲነግረኝ «ፈረንጅ ሲያካብድ» ብዬው ነበር።

በልኩ የተሠራ ገዝቶ፣ ሞዞውን አፅድቶ፣ በየጊዜው ጎማ እያወረደ የሚያጠብቅ ሰው ምናልባት ዕድሜ ልኩን ምንም አይገጥመውም። እኔ ያ ሰው አይደለሁም። ዘይት የምቀይርበትን ቀን እንኳ የምታስታውሰኝ ባለቤቴ ናት።

አራቱንም እዚያው ቢሾፍቱ አስወለቅኳቸው። ስንመለስ መሪው አልተንቀጠቀጠም። አንድ ጎረቤቴ፣ እሱም ባለ ቪትዝ፣ «የተበላሸው አንዱ ብቻ ከሆነ ሦስቱን ሽጥልኝ» ብሎ ለመነኝ። ቅዳሜ ጠዋት በሲጌቶ ሁሉንም ለሁለት ለሁለት ቆረጥኳቸውና ለቆራሌው ሰጠሁት። 300 ብር ከፈለኝ። ስንት እንደገዛኋቸው አልነገርኩትም።