ከሙላቱ ምን ልስማ ለምትሉ፦ ኢትዮፒክስ ቁጥር 4

የኛን ቅኝት ከጃዝ ጋ ያዋሃደውን የሙዚቀኛውን የሙላቱ አስታጥቄን ሥራ ከየት ልጀምር ለሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴ አንድ ነው፣ ኢትዮፒክስ ቁጥር 4 የሚባለው አልበም። ሐዋሳ ካፌ ስላለኝ ከሰዓት በኋላ እሱን እከፍታለሁ፣ ወጣቱም ትልቁም ሰው "ይሄ ማነው?" ብሎ ይጠይቃል፣ የኛ ሰው ነው ስላቸው የሚደነግጡ አሉ እና ይሄ በጣም ያሳዝነኛል።

አልበሙ 14 ሙዚቃ አለው፣ ከ1969 እስከ 1974 የተሠሩ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ ያሰባሰበው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው፣ በ1998 ቡዳ ሙዚክ የሚባል የፈረንሳይ ኩባንያ አወጣው። ዘፋኝ የለበትም፣ መሣሪያ ብቻ።

"የከርሞ ሰው"ን ክፈቱና መጀመሪያ ቤዙን ብቻ ተከተሉ። ያው አንድ ነገር ይመላለሳል፣ ከላይ ሳክስፎኑ ቀስ ብሎ ሲገባ ግን ቅኝቱ የኛ እንደሆነ ወዲያው ታውቁታላችሁ፣ ማንም ሳይነግራችሁ። የሰውዬው ጥበብ እዚህ ጋ ነው ለኔ። የኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ጃዙ ደግሞ 12ቱንም ይጠቀማል፣ ሁለቱን ዝም ብለህ ከደራረብካቸው አምስቱ ይዋጣሉ፣ ትዝታ የሚባለው ቅኝት ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ ከሥር ያለውን እየቀነሰ፣ ቦታ እየተወ ነው ያስኬደው፣ ለዛ ነው ሙዚቃው ባዶ ቦታ ያለው የሚመስለው። እኔ ጋ የሚመጣ ሆቴል ኪቦርድ የሚጫወት ልጅ አለ፣ ኖታዎቹ ቀላል ናቸው ዝም የሚባልበትን ማወቁ ነው የከበደኝ ይላል፣ ልክ ነው።

ሙላቱ ይሄን ደግሞ በአንዴ አላገኘውም። ጅማ በ1943 ተወልዶ ኢንጂነሪንግ ይማር ተብሎ ዌልስ ተላከ፣ እዛ ልቡ ወደ ሙዚቃ ሄደ፣ ከዛ ለንደን ትሪኒቲ፣ ከዛ ቦስተን በርክሊ (ሁለቱም የሙዚቃ ትምህርት ቤት ናቸው)፣ በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ነው። ኒውዮርክ በ1966 ሁለት አልበም አወጣ፣ ጥሩ ናቸው ግን የላቲኑ ነገር ይበዛባቸዋል፣ ኮንጋው (በእጅ የሚመታ ከበሮ) እና ቫይብራፎኑ (በዱላ የሚመታ ባለ ብረት ቁልፍ መሣሪያ) ከፊት ነው። እዚህ አልበም ላይ ያው መሣሪያ አለ ግን ለቅኝቱ ነው የሚታዘዘው፣ ልዩነቱን ለመስማት ከነዚያ አንዱንና ይሄን አከታትላችሁ ስሙ።

ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴም መረሳት የለበትም። ያኔ ሸክላ ማሳተም የመንግሥት ሞኖፖል ነበር፣ እሱ በ1969 ደፍሮ አምሃ ሪከርድስን ባይጀምር ዛሬ የዚያን ዘመን ስንቱን ሙዚቃ አንሰማም ነበር። ደርግ ሲመጣ አምሃ አገር ለቆ ወጣ፣ ሙላቱ ግን እዚሁ ቆየ።

ሙላቱን ዓለም በደንብ ያወቀው በ2005 ሙዚቃው በገባበት በጂም ጃርሙሽ ፊልም ብሮክን ፍላወርስ ነው፣ በ2010 ራፐሩ ናስ እና የሬጌው ዴሚያን ማርሊ "የግሌ ትዝታ"ን ለዘፈናቸው ተጠቀሙበት፣ ሂፕሆፕ የሚሰሙ ልጆች ሲመጡ እሱን ነው የማስቀድምላቸው፣ ወዲያው ይለዩታል። ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በነበረ ጊዜ ደግሞ የባህል መሣሪያዎቻችንን ለማሻሻል ነው የሠራው፣ ይሄን የሚያነሳ ሰው ግን ብዙም አልገጠመኝም።

ቅር ያለኝ ነገር ከሲዲው ጋ ያለው መጽሔት ነው፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ብቻ። የኛ ሙዚቃ ታሪክ፣ ስሙ እንኳን በላቲን ፊደል ተጽፎ፣ እናቴ አንስታ ልታነበው አትችልም። ቢያንስ አንድ ገጽ አማርኛ ይገባው ነበር።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ ሲዲ ማጫወቻ ከሌላችሁ ኦንላይንም ይገኛል። በስልክ ስፒከር ግን አትስሙት በናታችሁ፣ ቤዙ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ የሙዚቃው ግማሽ ደግሞ እሱ ነው። ጥሩ ሄድፎን ወይ ቤዝ ያለው ስፒከር። ካፌ ያላችሁ ደግሞ ድምፁን መካከለኛ አድርጉት፣ ጠዋት ሰው ሲጣደፍ ሳይሆን ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ሰው ተረጋግቶ ሲቀመጥ ክፈቱት። ከአምስት አምስት ሰጥቼዋለሁ፣ መጽሔቱን ሳልቆጥር።