ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ያለው ፔንሲዮን፦ ለሰንባች እንግዳ

ቦርሳውን አዝሎ መጥቶ ደሴ ላይ ሳምንታት ለሚሰነብት ሰው ይሆናል። ለአንድ ሌሊት አይመከርም፤ ዳገቱ ብቻውን ጉልበት ይጨርሳል። ዋጋውን በወር ይነጋገሩ፤ መብራትና አንሶላ ቅያሪ መካተቱንም ያስጽፉ።

ክፍል ሲመርጡ ከአልጋው ጀርባ ያለውን ግድግዳ በእጅ ይዳስሱ። ዳገቱን የተደገፉት ክፍሎች በክረምት እርጥበት ይስባሉ፤ ቀለሙ ከተላጠ ሌላ ይጠይቁ። ሮቶው ጣሪያ ላይ ስለሆነ የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ የተሻለ ግፊት ያለው ምድር ቤት ነው። ብርድ ልብስ የሚሰጡት አንድ ነው፤ ሁለተኛ ሲጠየቁ ግን አይከለክሉም። የከሰል ምድጃ ክፍል ውስጥ አስገብቶ መተኛት አይታሰብም፤ ጭስ ባይኖረውም ጋዙ ይገድላል።

የጋራ ማዕድ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ድስቶቹ ግን ስስ ናቸው። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ሽምብራና ባቄላ በተራ ድስት አስቸጋሪ ነው፤ ከማታው ዘፍዝፎ በፕሬዠር መጣድ ይሻላል። ምስር ችግር የለበትም።