ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ በቀጥታ፣ በዱባይ ወይስ በፍራንክፈርት?

ትኬት ስፈልግ ከዋጋው በፊት የማየው ካርታ ነው፤ ያውም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሳይሆን ሉሉን። ሉል ላይ ከቦሌ እስከ ደለስ (የዋሽንግተን አየር ማረፊያ) ክር ብትወጥሩ ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና አልጄሪያን አቋርጦ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክን ይሻገራል። ርዝመቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

በፍራንክፈርት ስትሄዱ 5,350 ሲደመር 6,550፣ ወደ 11,900 ይመጣል። ከክሩ ብዙም አልራቃችሁም። በኢስታንቡል 12,100 አካባቢ ነው። ዱባይ ግን ነገሩ ሌላ ነው፦ 2,500 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ ሄዳችሁ፣ ከዚያ 11,350 ወደ ምዕራብ ትመለሳላችሁ። ድምሩ 13,850 ገደማ ነው። ሁለተኛው በረራ ብቻውን 14 ሰዓት ያህል ይፈጃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ «ቀጥታ» በረራ ሲሄድና ሲመለስ አንድ አይደለም። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሙሉ ጭነትና ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ነዳጅ ለመቅዳት ያርፋል (ለዓመታት ደብሊን ነበር)። ንፋሱም ከፊት ነው። በዚህ ምክንያት መሄጃው ወደ 17 ሰዓት ይወስዳል። ደለስ ግን ከፍታው ከ100 ሜትር በታች ነው፤ ከዚያ ነዳጁን ሞልቶ ይነሳና ንፋስ ከኋላው እየገፋው 13 ሰዓት ገደማ ውስጥ ቦሌ ይደርሳል።

ለእናቴ ትኬት ስገዛ አልከራከርም፤ ቀጥታውን ነው። ነዳጅ ሲቀዳ እንኳ ከመቀመጫዋ አትነሳም፣ በር ቁጥር ፈልጋ አትንከራተትም። ሻንጣውም ባለ 23 ኪሎ ሁለት ነው፤ በርበሬና ሽሮ ለሚያመላልስ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ለራሴ ሲሆን ልዩነቱ ከ200 ዶላር ከበለጠ ፍራንክፈርትን አያለሁ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በአውሮፓ በኩል ያለው ርካሽ ትኬት አንዳንዴ ሻንጣ አይጨምርም፤ ሻንጣ ስትከፍሉበት ርካሽነቱ ይቀራል። ሁለተኛ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ፍራንክፈርት ከአየር ማረፊያው ባይወጣም የትራንዚት ቪዛ ይጠየቃል፤ የሚሠራ የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ግን አይጠየቅም።

ዱባይን የምመርጠው እዚያ የማየው ዘመድ ካለኝ ነው። ለጊዜ ብሎ የሚመርጠው ሰው ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ መንገድ እየገዛ ነው።

የትኛውንም ብትመርጡ ሁለቱ በረራዎች በአንድ ትኬት ላይ መሆናቸውን አረጋግጡ። ለየብቻ የተገዙ ከሆኑና የመጀመሪያው ከዘገየ፣ ሁለተኛው አየር መንገድ እንደቀረ መንገደኛ ነው የሚቆጥራችሁ።