የስንዴ ፔኒ ወይስ የጃንሆይ ስሙኒ?

አሜሪካ ተቀምጦ የድሮ መዳብ ሳንቲም መሰብሰብ ያማረው ሐበሻ ብዙ ጊዜ በሁለት ልቡ ይቆማል። የአሜሪካኑን የስንዴ ፔኒ ይጀምር ወይስ የጃንሆይን ሳንቲም? ሁለቱም ኪስ አይጎዱም። አመራረጣቸው ግን ለየቅል ነው።

የስንዴ ፔኒ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1958 የተቀረጸው ነው። ፊቱ ሊንከን፣ ጀርባው ሁለት የስንዴ ዘለላ። ዋጋውን የሚወስኑት ዓመቱና ከሥሩ ያለችው ትንሽ ፊደል ናቸው። ዲ ከሆነች ዴንቨር፣ ኤስ ከሆነች ሳን ፍራንሲስኮ ነው የተቀረጸው። የ1944ቱን በእፍኝ ታገኛላችሁ። የ1909 ኤስ፣ ጀርባው ላይ "ቪዲቢ" የሚል (የቀራጩ የቪክተር ዴቪድ ብሬነር ስም መነሻ ፊደላት) ያለበት ግን የተቀረጸው 484,000 ብቻ ነው። ፊቱ የተፋቀው እንኳ በመቶዎች ዶላር ይጠራል። ታዲያ አጭበርባሪው ዝም አይልም፤ ተራ ፔኒ ላይ ኤሷን ለጥፎ ይመጣል።

የ1943ቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መዳቡ ለጦርነቱ ስለተፈለገ በዚያ ዓመት ፔኒ የተሠራው በዚንክ ከተለበጠ ብረት ነበር። ጥቂት በስህተት በመዳብ የወጡ አሉ፤ ዋጋቸው አይቀመስም። "አለኝ" የሚል ሲገጥማችሁ ማግኔት አስጠጉበት። ከሳበው፣ መዳብ የተቀባ ብረት ነው። ባይስበውም አትቸኩሉ። የ1948ን 8 ፍቀው 3 የሚያደርጉ አሉ።

የጃንሆዩ ነገር የዚህ ግልባጭ ነው። ዓመቱ ምንም አይነግራችሁም። ሁሉም ላይ ያለው ፲፱፻፴፮ ነው፤ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ በእኛ አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ ድረስ ተቀርጿል። ስለዚህ "የ36 ዓ.ም. ብርቅ ሳንቲም" ብሎ ዋጋ የሚቆልልን ሰው በፈገግታ እለፉት። (የመጀመሪያዎቹ የተቀረጹት ፊላደልፊያ ነው፣ የሊንከኑ ፔኒም ሲቀረጽበት ከነበረው ቤት። ይህን ሳውቅ ደስ ብሎኛል።)

አንዱ፣ አምስቱና አስሩ ሳንቲም ሞልቷል። መፈለግ ያለበት ክቡ ስሙኒ ነው። መጀመሪያ ሲወጣ ጠርዙ ድፍን ክብ ነበር። ከብር ከተሠራው ሽልንግ ጋር እየተምታታ ሲያስቸግር ተሰበሰበና ጠርዙ እንደ አበባ ተከርክሞ ወጣ። ሻጩን የጠርዙን ፎቶ ጠይቁት።

ነገ ልሸጠው እችላለሁ ለሚል ሰው የምመክረው የስንዴውን ነው። ገዢው ብዙ፣ ዋጋው የታወቀ ነው። የጃንሆዩን ለመሸጥ ብላችሁ አትግዙ፤ የሚፈልገው ሰው እስኪገኝ ትሰለቻላችሁ። እኔ ግን አውጥቼ የማየው እሱን ነው።

የትኛውንም ብትገዙ አትፈትጉት። እኔ እናቴ የመዳብ ዕቃ በሎሚና በአመድ ስታሽ እያየሁ ነው ያደግሁት። የመጀመሪያውን አምስት ሳንቲሜን እንደዚያው አሸሁት። ቦግ አለ። አንድ ሳንቲም ነጋዴ ጋ ይዤው ብሄድ፣ አንዴ ገልበጥ አድርጎ አየውና መዳፌ ላይ መልሶ አስቀመጠልኝ።