ርካሹን ኤም5 ከመግዛታችሁ በፊት

ከ2005 እስከ 2010 የተመረተው ቢኤምደብሊው ኤም5 በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ያገለገሉ መኪኖች መሸጫዎች ከ20 ሺህ ዶላር ባነሰ ዋጋ ሲቀርብ አያለሁ። የእቁብ ዕጣ የደረሳቸው ወጣቶችም ገንዘባቸውን ይዘው ወደዚያው ሲያመሩ አያለሁ። ወገኖቼ፣ እባካችሁ ቆም በሉ። ይህ መኪና አዲስ ሳለ አሜሪካ ውስጥ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። ዛሬ ዋጋው ቢወርድም መለዋወጫው፣ ጎማውና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ አሁንም የ80 ሺህ ዶላር መኪና ነው።

መኪናውን ለማንቋሸሽ አልተነሳሁም። ባለ አሥር ሲሊንደሩ፣ ባለ 5 ሊትሩ ሞተር 500 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በደቂቃ እስከ 8,250 ዙር ይሽከረከራል። ያንን ድምፅ አንድ ጊዜ የሰማ ወጣት ልቡ ቢሸፍት አልፈርድበትም። ሻጮችም ይህን ስለሚያውቁ ገና ዋጋ ሳይነሳ ቁልፉን ያስጨብጧችኋል።

ትልቁ አደጋ ያለው እዚያው ሞተር ውስጥ ነው። ቢዬላው (ፒስተኑን የሚይዘው ዘንግ) ከኮሎው (ከሞተሩ ዋና ተሽከርካሪ ዘንግ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ የምትቀመጠው ስስ ብሮንዚን፣ ማለትም ሁለቱ እንዳይፋተጉ የምትከላከለው ስስ ብረት፣ በዚህ ሞተር ላይ ያለ ጊዜዋ ታልቃለች። በብሮንዚኑና በኮሎው መካከል ያለው ክፍተት ጠባብ ነው፤ የታዘዘለት 10ደብሊው-60 ዘይት ደግሞ ሲቀዘቅዝ በጣም ይወፍራል። የቀድሞው ባለቤት በክረምት ጠዋት አስነስቶ ሳያሞቅ ነዳጅ ሲረግጥ ከኖረ ጉዳቱ ቀስ በቀስ ተጠራቅሟል ማለት ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ደግሞ ሁኔታው አስቀድሞ አለመታወቁ ነው፤ መኪናው እንደ ወትሮው ይነዳል፣ ዳሽቦርዱም ላይ ምንም መብራት ላይበራ ይችላል። ከሥር የመንኳኳት ድምፅ በተሰማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ኮሎው ራሱ ተፍቋል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን መቀየር መኪናው ከተገዛበት ገንዘብ ሊበልጥ ይችላል።

መኪናውን በቅርብ የሚያውቁ ባለቤቶች ከ60 እስከ 80 ሺህ ማይል ሲሞላው ችግር ታየም አልታየም ብሮንዚኑን ያስቀይራሉ። ለዚህ ሥራ ከፊት በኩል ያለው ተሸካሚ ብረት መውረድና የዘይት ገንዳው መፈታት አለበት፤ በግል ጋራዥ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያስከፍላል። ስለዚህ ሻጩ “ሰርቪሱ ሁሉ ተሟልቷል” ሲላችሁ የብሮንዚን ቅያሬውን ደረሰኝ ጠይቁት፤ ቀኑና ማይሉ የተጻፈበት፣ የጋራዡ ስም ያለበት ደረሰኝ። የዘይት ቅያሬ ወረቀት በገፍ ቢያሳያችሁ የዚህን ደረሰኝ ቦታ አይተካም። ደረሰኙ ከሌለ እንዳልተሠራ ቁጠሩትና ወጪውን በመኪናው ዋጋ ላይ ደምሩት።

ሁለተኛው ራስ ምታት ካምቢዮው ነው። አብዛኞቹ ባለ ሰባት ማርሽና ኮምፒውተር በሃይድሮሊክ የሚቀይራቸው ናቸው። የሃይድሮሊኩ ፓምፕ ሲደክም ማርሽ አልገባ ይልና መኪናው ከቆመበት አይንቀሳቀስም። አዲስ ፓምፕ ከነሥራው በሺዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ፍሪሲዮኑም ሲያልቅ እንደዚሁ። ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠሩት ሁለት የኤሌክትሪክ አንቀሳቃሾችም አሉ። ውስጣቸው ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ይበላሉ፤ ያን ጊዜ መኪናው ኃይሉን ቆርጦ እየተጎተተ ይሄዳል። አውራ ጎዳና ላይ በግራ መስመር እየነዳችሁ ይህ ቢደርስባችሁ ምን እንደሚመስል አስቡት።

ምንም ሳይበላሽ የሚያወጣው ወጪም ቀላል አይደለም። የአሜሪካ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት መለኪያ ከተማ ውስጥ በጋሎን 11 ማይል ብቻ ይሰጠዋል፤ 18.5 ጋሎን የሚይዘው ታንከር ሞልቶ በከተማ 200 ማይል ያህል ነው የሚሄደው። ከተማና አውራ ጎዳና ተደባልቆ 13 ማይል ብንይዝ፣ በዓመት 12,000 ማይል ለሚነዳና የፕሪሚየም ቤንዚን ጋሎኑን በ4 ዶላር ለሚቀዳ ሰው ነዳጁ ብቻ 3,700 ዶላር ገደማ ይመጣል። የኋላው ጎማ ከፊቱ ስለሚሰፋ ጎማዎቹን ማቀያየር አይቻልም፤ የኋላዎቹ ቀድመው ያልቃሉ። ሞተሩ ዘይት ይጠጣልና በቅያሬዎች መካከል መጨመር የተለመደ ነው። ኢንሹራንሱንም ከመግዛታችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ፤ በተለይ ዕድሜያችሁ ከ25 በታች ከሆነ።

ልታዩት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ደርሳችሁ ኮፈኑን በእጃችሁ ዳስሱት። በዙር ቆጣሪው ዳር ያሉት መብራቶች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከዝቅተኛ ዙር ጀምረው ይበራሉ፤ ሲሞቅ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። እንዳስነሳችሁት መብራቶቹ ወደ ላይኛው ዙር ተሰብስበው ከሆነ አስቀድሞ ሞቋል፤ ያሞቁት ምን ለመደበቅ እንደሆነ ጠይቁ። የመኪናው ኮምፒውተር የመዘገባቸውን የስህተት ኮዶች የሚያሳይ፣ በርካሽ የሚሸጥ ኮድ ማንበቢያም ይዛችሁ ሂዱ። የስህተት ኮድ አለመኖሩ ብቻውን አያሳምናችሁ። ማንበቢያው የመኪናው ኮምፒውተር በራሱ የሚያደርጋቸው ምርመራዎች “አልተጠናቀቁም” ካለ ኮዶቹ በቅርቡ ተሰርዘው ሊሆን ይችላል። ሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖሩ ደግሞ የጭስ ምርመራውን በዚያ ሁኔታ ላታልፉ ትችላላችሁ። ከዚህ ሁሉ በኋላ መኪናውን ይህን ሞተር ለሚያውቅ ገለልተኛ ጋራዥ ወስዳችሁ አስመርምሩ። ሻጩ መኪናውን ለምርመራ አልሰጥም ካለ ትታችሁት ውጡ።

በወገኖቻችን መካከል የተስፋፋ አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ “ካልተስማማኝ በሦስት ቀን ውስጥ እመልሰዋለሁ” የሚል። ሦስት ቀን የሚሰጠው የፌዴራል ደንብ ከሻጩ ቋሚ ግቢ የተገዛ መኪናን አይመለከትም። ከፈረማችሁ የእናንተ ነው። ነጋዴ ሻጮች በመስኮቱ ላይ የገዢ መመሪያ የሚባል ወረቀት የመለጠፍ ግዴታ አለባቸው፤ ዋስትና መኖር አለመኖሩን የሚናገረው እሱ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ መኪና ላይ “ባለበት ሁኔታ፣ ያለ ዋስትና” የሚለው ሳጥን ምልክት ተደርጎበት ማግኘት የተለመደ ነው። ሻጩ በአማርኛ እየማለ የሚገባላችሁን ቃል በጽሑፍ ካላስቀመጠው በኋላ ለማስፈጸም በጣም ይከብዳል። የሚሸጥላችሁን ተጨማሪ የጥገና ውልም የማይሸፍናቸውን ነገሮች ሳታነቡ አትክፈሉ፤ በአገልግሎት የሚያልቁ ዕቃዎችን ብዙዎቹ አይሸፍኑም።

ለአጎቶችና ለአክስቶችም አንድ ነገር ልበል። ባንኮች ለዚህን ያህል አሮጌ መኪና በቀላሉ ስለማያበድሩ ልጆቹ በከፍተኛ ወለድ ይበደራሉ፤ ዋስ እንድትሆኗቸው የሚጠይቁትም እናንተን ነው። ልጁ ካልከፈለ አበዳሪው በብዙ ግዛቶች ቀድሞ እሱን ሳይከስ በቀጥታ ወደ እናንተ መምጣት ይችላል፤ የብድር ታሪካችሁም አብሮ ይበላሻል። ከመፈረማችሁ በፊት የገለልተኛውን ጋራዥ የምርመራ ወረቀትና የብሮንዚኑን ደረሰኝ አምጣ በሉት። ሁለቱን ካላመጣ አትፈርሙ፣ ቢያኮርፍም።