ለድንች ጫኝ ፒካፕ ቁመት መጨመር፦ ከሶማሌ ተራ እስከ ደብረ ማርቆስ ጋራዥ

ታናሽ ወንድሜ ስናን ወረዳ ውስጥ ድንች እየገዛ ደብረ ማርቆስ ያወርዳል። የሚሠራው በአንዲት ዳብል ጋቢና ሃይሉክስ ነው። ክረምት ላይ ለእረፍት ልገባ ስል ምን ይዤልህ ልምጣ አልኩት። «ወንድምዓለም፣ ስልኩም ጫማውም ይቅርብኝ። መኪናዋን ከፍ አድርግልኝ፤ ጎማዋንም በትልቅ ቀይርልኝ» አለኝ።

ነገሩ ቅንጦት አይደለም። ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ ግርጌ ገባ ሲሉ ሐምሌና ነሐሴ ላይ መንገዱን ጭቃ ይውጠዋል። አይሱዙዎቹ ሁለት ቦይ ቆፍረውበት ያልፋሉ። ትንሽ መኪና ስትመጣ ሆዷ መሀሉ ጉብታ ላይ ይቀመጥና ጎማዋ በባዶ ይሽከረከራል። እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ዴንቨር ነው። እዚያ ፒካፕ ከፍ የሚያደርገው ሰው ግማሹ ለተራራ፣ ግማሹ ለፎቶ ነው። አገር ቤት ግን ጉዳዩ የእንጀራ ነው። ስለዚህ የሄድኩባቸውን ቤቶች ሁሉ በአንድ ነገር መዘንኳቸው፦ መኪናዋ ምን እንደምትሠራ ጠየቁ ወይስ አልጠየቁም?

ዕቃውን የገዛነው አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ነው። የፊት ሞላ፣ ረዘም ያለ አሞርዛተር (ንዝረት የሚያበርደው)፣ የኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ)፣ አዲስ ቡሽ (የመጋጠሚያ ላስቲክ) እና ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረው ዩ ቦልት። ዕቃ የለም የሚባል ነገር የለም፤ ባይኖርም ሻይ ሳትጨርስ ልጅ ሮጦ ያመጣዋል። በፍጥነት ደረጃ ዴንቨር አጠገቡ አይደርስም። ምክር ግን አትጠብቁ። የሞዴሉን ዓመት ጠይቀው ቀጥታ ወደ ዋጋ ነው። ሁሉም «ኦርጅናል ነው» ይላል። ሳጥኑ ኦርጅናል ሆኖ ውስጡ ኮፒ የሆነ አሞርዛተር በዓይኔ አይቻለሁ። አንዱ ነጋዴማ ሞላውን ተወውና ከላዩ ታኮ አስገባበት፣ በርካሽ ከፍ ትላለች አለን። ታኮ ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን ሞላው ያው የደከመው ሞላ ነው፤ ጭነት አይችልም። ዕቃ የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ግቡ።

ዋጋ አልጽፍም። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ስለሚወሰን ዛሬ የምጽፈው ቁጥር ነገ ውሸት ይሆናል። የጋራዡ የጉልበት ሂሳብ ግን ዴንቨር ጥሩ ጋራዥ ለጥቂት ሰዓት ከሚጠይቀው አይበልጥም።

ዕቃው በጭነት መኪና የአባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ማርቆስ ገባ። አንድ ካርቶን ረጥቦ ነበር። ሌላው ሰላም ነው።

አሁን ወደ ጋራዡ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ፣ እጃቸው የማይሠራበት ቀን ያለ የማይመስል መካኒክ ናቸው። ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ዕቃውን እንኳ ሳያዩ ወንድሜን «ምን ትጭናለህ?» አሉት። «ድንች።» «ስንት ኩንታል?» ወንድሜ ትንሽ ዝም አለና ተናገረ። ሰውዬው ወደ እኔ ዞረው ሳቁ። ሊብሬው ላይ ከተጻፈው በላይ መሆኑን አውቀዋል።

ወንድሜ የፈለገው አራት ኢንች ነው፤ አሥር ሴንቲ መሆኑ ነው። ስልኩ ላይ ያየው መኪና እንደዚያ ነበር። «ኧረ ተው ልጄ» አሉት። እንዲህ ሲሉ አስረዱት፦ የዚህች መኪና ፊት ነጻ እግር ነው፤ ግራና ቀኙ ጎማ ለየብቻ ነው የሚወርድ የሚወጣው። ከአምስት ሴንቲ በላይ ካነሳሃት የፊት አክስሉ በጣም ታጥፎ መሥራት ይጀምራል። መታጠፊያው ላይ ያለው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ አፈር ይገባል። ደግሞ ድንቹ ከፍ ባለ ቁጥር መኪናዋ መታጠፊያ ላይ ትወላገዳለች።

ቀጥለው የተናገሩት ብዙ ሰው የማያስበው ነገር ነው። በሞላና በባሌስትራ ከፍ የሚለው የመኪናዋ ገላ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል፣ ኃይሉን ለሁለቱ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ቋት፣ አክስሉ ላይ ስለሆነ እዚያው ይቀራል። እሱን የሚያነሳው ጎማ ብቻ ነው። የወንድሜ ጎማ 265/65 ባለ 17 ነበር። ወደ 265/70 ስንሄድ ጎማው በዲያሜትር 27 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ዲፈረንሻሉ የሚደርሰው ግማሹ ነው፤ 13 ሚሊ ሜትር። «አንድ ጣት አይሞላም» አሉ ጋሼ። ያም ሆኖ ሆዷ፣ የፊት መከላከያዋና የጎማው መንቀሳቀሻ ቦታ ስለሚሻሻሉ ጥቅም አለው። ተአምር ግን አይደለም። ገንዘብ ሊከፍላቸው የመጣን ሰው እንዲህ ብለው ወደ መሬት የሚያወርዱ ባለሙያ ብርቅ ናቸው። በአምስት ሴንቲ ተስማማን።

ሥራቸውን ቆሜ አየሁት። ማረፊያ ወንበር የሚባል የለም፤ ቡና ግን አለ። አንዱ ወጣት መካኒክ መኪናዋ ክሪክ ላይ እንደተንጠለጠለች የባሌስትራውን ቡሽ ብሎን ሊያጠብቅ ሲል ሰውዬው ከወዲያ ጮኹ። «አውርዳት! እግሯ መሬት ይርገጥ!» ትክክል ናቸው። በአየር ላይ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዞ ይቀመጥና በወራት ውስጥ ይበጣጠሳል። ዩ ቦልቶቹን የድሮውን አልመለሱም፤ አዲሱን ነው ያሰሩት። የፍሬን ቱቦዎቹ እግሩ ሙሉ ሲወርድ እንዳይወጠሩ አንድ በአንድ ፈተሹ።

ዋናው ግን ቫልቩ ነው። የወንድሜ ሃይሉክስ ላይ የኋላ ፍሬንን እንደ ጭነቱ የሚመጥን ቫልቭ አለ፤ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ተያይዟል። ጭነት ሲበዛ ካሶኒው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ግፊት ይጨምራል። ካሶኒውን በባሌስትራ ከፍ ስታደርገው ግን ቫልቩ ይሸወዳል፤ መኪናዋ ባዶ ትመስለዋለች። ሙሉ ድንች ጭነህ ቁልቁለት ስትወርድ የኋላ ፍሬንህ ሰነፈ ማለት ነው። ሰውዬው የዘንጉን መያዣ በልኩ አስተካከሉት፣ ፍሬኑን አየር አስወጡ፣ ከዚያ እሳቸው ራሳቸው ነድተው ሞከሩት። አሜሪካም ቢሆን ይህን የሚዘል ጋራዥ አለ።

ጉድለታቸውስ? ቀጠሮ። «ነገ ጠዋት» ማለት ከነገ ወዲያ ከሰዓት ነው። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ኮምፕሬሰሩ ስለቆመ ግማሹ በእጅ ቁልፍ ተሠራ፤ በእሱ አልፈርድም። ደረሰኝ በልመና ነው፤ የተሠራው ነገር ዝርዝርም የለውም። ከውጭ የመጣ ሰው እዚያው ፊት ለፊቱ እንዲጻፍለት ይጠይቅ።

ጎማውን የቀየረልን ሰፈሩ ውስጥ ያለ ጎሚስታ ነው። ፈጣን፣ ንጹሕ፣ ባላንስም ሠራ። ወንድሜ ጥርሱ የገዘፈ የጭቃ ጎማ ቋምጦ ነበር። እኔ ለአስፋልትም ለጥርጊያም የሚሆነውን መረጥኩ፤ ከሥራው አብዛኛው ክፍል ከሮብ ገበያ ማርቆስ መመላለስ ነውና። አራት ሳይሆን አምስት ግዙ። ስኮርታው ካነሰ ፎር ዊል ስታስገቡ የፊትና የኋላው ዙር አይገጥምም፤ ማስተላለፊያው ይጎዳል። ደግሞም የፍጥነት ቆጣሪው ከአሁን በኋላ ይዋሻል፤ ቀድሞ ልክ ከነበረ፣ 80 ሲል እውነቱ 83 ገደማ ነው።

ቅሬታዬ ያለው አላይመንት፣ የጎማውን አቅጣጫ ማስተካከል፣ ላይ ነው። ፊቷ ከተነሳ በኋላ የጎማው አቀማመጥ ስለሚዛባ ያለ እሱ ጎማው በአንድ ጎን ይበላል። ጋሼ ባህር ዳር ኮምፒዩተር ያለው ቤት አለ አሉን። 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላ። ማሽኑ ጥሩ ነው፤ ልጆቹ ግን ቸኩለዋል። የመጣችበትን ምክንያት አልጠየቁም። ከፍለን ስንወጣ መሪዋ ወደ ቀኝ ይስባል። ተመለስን። «ጎማው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምዳል» አሉን። የልኬቱን ወረቀት አትሙልኝ ስላቸው አንደኛው ቁጥር ቀይ ነው፤ ከልኩ ውጭ ማለት ነው። ያኔ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ደግመው ሠሩት፤ ግማሽ ቀናችን ግን ቀልጦ ቀረ። እዚያ የሚሄድ ሰው ወረቀቱን ሳያይ ገንዘብ እንዳያወጣ። ማርቆስ ስንመለስ 500 ኪሎ ሜትር ስላለፈ ጋሼ ዩ ቦልቶቹን ደግመው አጠበቁልን፤ በነጻ።

ውጤቱ? ያ ጉብታ ላይ መንጠልጠል ቀርቷል። ዲፈረንሻሉ አሁንም ጭቃውን እንደ ማረሻ ይቀደዋል፤ ግን ታልፋለች። ናፍጣ ትንሽ ጨምራለች። ቁልቁለት ላይ ትወዛወዛለች እያለ ወንድሜ ከላይ ያለውን አንድ ረድፍ ጆንያ ቀንሷል። መጀመሪያም ሊጭነው አይገባም ነበር።

ያልታሰበው ቅሬታ የመጣው ከእናታችን ነው። ጋቢና ለመውጣት በርጩማ ያዙልኝ አሉ። ማርቆስ አንድ ብየዳ ቤት ወስደን የጎን መርገጫ አስበየድንላት። በተባለው ቀን፣ በተባለው ሰዓት ያስረከበን እሱ ብቻ ነው። ቀለሙ በሳምንቱ መላጥ ጀምሯል፤ ብየዳው ግን ንቅንቅ አይልም። ቀለሙን ራሳችሁ ገዝታችሁ ስጡት።